ኮድ ሰባት

ባሂራ ኩባያውን ከልጇ አፍ ላይ ነጠቀችው። የአረፋ ሦስተኛ ቀን ነበር፤ ረፋድ ላይ። ልጅቷ ከአጎቷ ልጅ ከፈቲያ ጋር ግቢው ውስጥ ስትሯሯጥ ቆይታ በላብ ተጠምቃ ገባች፤ ፈቲያ ከጥግ ካለው ጄሪካን የቀዳችላትን ውሃ ልትጠጣ ስትል ነው። ባሂራ ውሃውን ደጃፉ ላይ ደፋችው። ከቦርሳዋ የታሸገ ሃይላንድ ውሃ አውጥታ ክዳኑን ከፈተችና ለልጇ ሰጠቻት። የቤቱ ባለቤት፣ የባሂራ አማት ሃሊማ፣ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ መሬት መሬቱን አዩ። የባሂራ ባል ሙስተፋ የጫማውን ክር ማሰር ያዘ፤ ታስሮ የነበረውን ፈትቶ እንደገና ማሰር።

ሳሌሃ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። የሃሊማ ትንሹ ልጅ ሚስት፣ የፈቲያ እናት ናት። ባሏ ሸረፋ መርካቶ ስለሚነግድ ዓመቱን ሙሉ ከአማቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት፤ እሱ ለአረፋ መጥቶ ትናንት ጎህ ሳይቀድ ተመልሷል። የባሏ ታላቅ ወንድም ሙስተፋ እናቱ ቤት ሲመጣ የታሸገ ውሃ ይዞ መምጣት ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠርሙስ ነበር፤ አሁን በካርቶን ነው። ሃሊማ አንድ ቀን ብቻ፣ ልጃቸው ከሄደ በኋላ፣ «ከተማ የለመደ ሆድ» ብለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። በአረፋው ዕለትም ሥጋው ሲጣድ ባሂራ ማንም ያላያት መስሏት የራሷን ውሃ ድስቱ ውስጥ ስትገለብጥ ሳሌሃ አይታታለች። የከተማ ኩራት ነው ብላ አለፈችው። የዛሬው ግን ኩራት አልነበረም። ባሂራ ፊት ላይ ያየችው ፍርሃት ነው።

ዕለቱ ደግሞ የናሙና ቀን ነው። ሳሌሃ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ስላልመጣላት ቤት የዋለች ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ሙስተፋ አስተባባሪ ሆኖ የሚሠራበት የውሃ ጥናት ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈልግ እሷን አስገባት። በየወሩ አንድ ማክሰኞ በአካባቢው ካሉት አሥራ አንድ የውሃ ቦታዎች በትንንሽ ጠርሙስ ትቀዳለች፤ ጠርሙሱ ላይ ኮድ እንጂ የቦታውን ስም አትጽፍም፤ ሣጥኑን ቡታጅራ ቢሮ ታደርሳለች። መቶ ሃምሳ ብር በወር። ሥራው ሲጀመር ደግሞ ቤት ለቤት ዞራ የልጆቹን ጥርስ እያየች ቅጽ እንድትሞላ ታዝዛ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። ቁጥሮቹን የሰጠቻቸው እሷ ራሷ ናት፣ በእግሯ በደረሰችበት ቅደም ተከተል፤ ፕሮጀክቱም እንዳለ ተቀበለው። አንድ የመስጊዱ ጉድጓድ ነው፤ ሁለት የወፍጮ ቤቱ፤ ሦስት ከሸለቆው ማዶ፣ ተካ የሚባል ገበሬ ማሳ ዳር ያለው የእጅ ጉድጓድ፤ እንዲህ እያለ ሰባት ላይ የሰፈሩ ቦኖ ይመጣል። ቦኖው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን የቆረጠለት ነው። ከመቶ ሜትር በላይ ተቆፍሮ የወጣ፣ ኩልል ያለ፣ ሽታ የሌለው ውሃ። ከዚያ በፊት የሰፈሩ ሴቶች ሸለቆውን ወርደው ወጥተው ከተካ ጉድጓድ ይቀዱ ነበር፤ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቦኖው የተከፈተ ዕለት እልልታውን ያስጀመሩት ሃሊማ ናቸው።

ናሙናውን ሌሊቱ ሲነጋ ጀምራ ሰብስባ ጨርሳ ስለነበር ሙስተፋ በፕሮጀክቱ ፒካፕ አብራቸው እንድትሄድ ነገራት። ከኋላ ወንበር፣ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከባሂራ ልጅ ጎን ተቀመጠች። እንሴኖ ከተማን አልፈው ቡታጅራ እስኪደርሱ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ረዘመባት። ባሂራ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቀረች። ሙስተፋ ስለ በርበሬ ዋጋ ጀመረ፤ የሚመልስለት ሲያጣ ተወው። ሳሌሃ ለሙስተፋ ያላት አክብሮት እንደ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስታናግረው «እርስዎ» ነው የምትለው። በሁለትና በሦስት ወር አንዴ የምትጠይቀውን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ውጤቱ ገና ነው እንዴ?»

«ገና ነው» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ላቦራቶሪው ውጭ ነው። ይቆያል።»

ሁልጊዜ የሚመልስላት መልስ ነው። ባሂራ ግን ያን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች።

የቢሮው ጸሐፊ ሣጥኑን ተቀብላ አስፈረመቻት። ሳሌሃ ለሚቀጥለው ወር የሚሆነውን ቅጽ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት፣ እንደ ወትሮዋ፣ መንገዱን ተሻግራ ኤልያስ ቤት ገባች። ኤልያስ የቡታጅራ ልጅ ነው፤ የቃለ ሕይወት አማኝ፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ የኮፒ ማሽን አለው፤ ኢንተርኔት በደቂቃ አርባ ሳንቲም ያስጠቅማል። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ እያስተካከለ፣ «እኔ የምልሽ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሳልልሽ» አላት።

«ለምኑ?»

«ለጥናቱ ነዋ። ታተመ አይደል። ለሙስተፋ ግንቦት ላይ ፕሪንት ያደረግኩለት እኔ ነኝ። በፍላሽ አምጥቶት።»

ወሩ ጥቅምት ነው። ሳሌሃ በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት፣ ከክረምቱ ጋር። ፊቷን ሲያይ ኤልያስ ማሽኑን አቆመው። ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ወንበር ሳበላትና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት፤ የሙስተፋን ስም ከነአባቱ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ገጹ ለመከፈት ጊዜ ወሰደ። ሲከፈት ረጅም ርዕስ፣ ከሥሩ የስምንት ሰዎች ስም፣ ከስምንቱ ሰባተኛው ሙስተፋ። ሳሌሃ የራሷን ስም አልፈለገችም፤ ስሟ እንዲህ ያለ ቦታ ሊኖር ይችላል ብላም አስባ አታውቅም። ኤልያስ አጭሩን ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ ነገራት።

«ከአሥራ አንዱ ውሃ ስምንቱ ከሚፈቀደው በላይ ፍሎራይድ አለበት ይላል። አንዱ ሰባት እጥፍ ነው። ፍሎራይድ የሚሉት…» ወደ ታች ወርዶ አነበበ። «ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ይነካል፤ ያጎብጣል።»

«የትኛው ነው ሰባት እጥፉ?»

«እሱ ውስጡ ነው ያለው። ውስጡ ተቆልፏል።»

የማውሱን ቀስት ወስዶ አሳያት። ሠላሳ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይላል፤ ለሃያ አራት ሰዓት ለማንበብ። ኤልያስ በስልኩ አሰላው፤ አምስት መቶ አርባ ብር ግድም። ሳሌሃ ውሃውን ለመቅዳት የሚከፈላት የሦስት ወር ተኩል ደሞዟ ነው። «ብሩ ቢኖርሽም በምን ትከፍዪዋለሽ» አለ ኤልያስ፤ «የሚቀበሉት በካርድ ነው። እኔም የለኝም፣ ባንኩም የለውም። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። በነፃ የሚለቁ አሉ፤ ጥናቱንም፣ የለኩትንም ቁጥር ሁሉ፣ የፈለገ ሰው እንዲያየው። የጻፉት ሰዎች ከፈለጉ ማለት ነው።» ሒሳብ ልትሰጠው ስትል እጇን መለሰው።

ከኤልያስ ቤት እስከ ሙስተፋ ቤት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ድረስ፣ በእግሯ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምታስበው ስለ ፈቲያ ጥርስ ነበር። የወተት ጥርሶቿ ነጭ ነበሩ። አምና የፊቶቹ ተነቅለው ሲተኩ አዲሶቹ በልዘው ወጡ፤ ቡናማ፣ ጫፋቸው የተሸራረፈ። ሳሌሃ ከረሜላ ነው ብላ ልጅቷን መታቻት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት በከሰልና በጨው ድዷ እስኪደማ ትፈትጋት ጀመር። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና መሳቅ የለመደችው በዚያን ጊዜ ነው። በሰፈሩ ያሉት ልጆች ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ እናቶቹም ሁሉ ከረሜላ ነው ይላሉ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፤ በእነዚህ ወራት ሁሉ ስትፈትጋት ነበር።

ባሂራ በሩን ስትከፍት አልደነገጠችም። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከሶፋው ጀርባ ሦስት ካርቶን ውሃ ተደራርቧል። ሳሌሃ ሳትቀመጥ ካርቶኖቹን አየቻቸው። ባሂራ እሷ የምታየውን አይታ፣ «ጠዋት እንዳየሽኝ አውቄያለሁ» አለች። «ወላሂ፣ ስንት ቀን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ሙስተፋ አስምሎኛል። አንድ ሰው ከሰማ ከሥራ ይወጣል፤ የፈረመው ውል አለ አለኝ። የኔን ልጅ ብቻ ጠበቅኩ። ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?»

«ወረቀቱ የታለ?» አለች ሳሌሃ።

ባሂራ ቡፌውን ከፈተች፤ ለእንግዳ የሚወጡትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አነሳች፤ ከሥራቸው ከተነጠፈው ላስቲክ በታች አሥር ገጽ የሚሆን የተሰፋ ወረቀት አወጣችና ሰጠቻት። ሳሌሃ እንግሊዝኛውን አትችልም፤ ሠንጠረዥ ማንበብ ግን ትችላለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። በግራ ኮድ፣ በቀኝ ቁጥር፣ ከሥሩ የተፈቀደው ልክ፣ አንድ ነጥብ አምስት። ከአንድ ጀምራ በጣቷ ወረደች። ሦስት ላይ ዜሮ ነጥብ ስምንት ይላል። ሰባት ላይ አሥር ነጥብ ዘጠኝ። ጣቷን እዚያው ላይ እንዳደረገች በሩ ተከፈተና ሙስተፋ ለምሳ ገባ።

ወረቀቱን አየው፤ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባሂራ ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«ስሚኝ» አለ። «ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር ሁለተኛው ጽሑፍ እስኪወጣ የየቦታው ስም ከነቁጥሩ ከፕሮጀክቱ እንዳይወጣ ብሏል። ቀድሞ ከወጣ ማንም አያትምላቸውም። እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ለወረዳው በደብዳቤ ነግረናል፤ ሌላ ውሃ እስኪገኝ ሕዝቡን እንዳታስደነግጡ ብለው መለሱልን። እኔ ምን ላድርግ? ብናገር ውሃው ይለወጣል?»

«ብናፈላውስ?»

«ማፍላት አያጠፋውም።»

«እማስ?» አለች ሳሌሃ። «እናትህስ?»

«እናትዎ» ሳይሆን «እናትህ» አለችው። ሸረፋን ካገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሁለቱም ሰሙት።

«በእሷ ዕድሜ ምን ይለወጣል» አለ ሙስተፋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ካለው በኋላ ያለው ነገር ለራሱም የገባው ይመስላል፤ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ሳሌሃ ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። እንዲነጥቃት ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን አልተነሳም። «ውሰጂው» አለ። «ኮድ ነው። ማንም አይገባውም።»

«ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከጓዳ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ ባሂራ ዝም ስታሰኛት። ሳሌሃ በሩ ጋ ስትደርስ ሙስተፋ ከኋላዋ፣ «ስሜን ግን አትጥሪ» አላት። እንደ ትእዛዝ አልነበረም። ሳሌሃ እሺም እምቢም ሳትለው ወጣች።

እንሴኖ ከሚኒባሱ ስትወርድ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ወደ ሰፈሩ የሚወርደውን የአቧራ መንገድ በፍጥነት ሄደችው። በመንገዷ ላይ የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር፤ ጉድጓዶቹን በስማቸው እየጠራች፣ የትኛው ደህና፣ የትኛው መጥፎ። የሚያመሰግኗት መስሏት ነበር። ቦኖው ጋ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ጄሪካናቸውን አሰልፈዋል። ሃሊማም አሉ። ሳሌሃ ስለዋለች ራሳቸው መጥተው፣ ቢጫ ጄሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሳሌሃ አጠገባቸው ቆመች፤ ወረቀቱን አውጥታ ገለጠችው። ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመረች። የመስጊዱ ይህን ያህል፣ የወፍጮ ቤቱ ይህን ያህል። የተካ ጉድጓድ ደህና ነው። ይህ ቦኖ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ሰባት እጥፍ። የልጆቹ ጥርስ ከዚህ ነው እንጂ ከከረሜላ አይደለም። ብታፈሉትም አይጠፋም።

ማንም አላመሰገናትም። ከዚያ ወርቅነሽ ተናገረች፤ ከቦኖው ማዶ የምትኖር ጎረቤታቸው ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ጉልበቶቹ ወደ ውጭ እየጎበጡ ሄደው ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ሁለት ጊዜ ጸሎት ቤት ወስዳዋለች፣ አንድ ጊዜ ወጌሻ ጋ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ስትቀጂ የኖርሽው?» አለች። «በየወሩ። ሁለት ዓመት። ደሞዝ እየተከፈለሽ።»

«ውጤቱን አልነገሩኝም፣ ወርቅዬ። ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ጠርሙስ የምትሸከሚው አንቺ፣ ቁጥር የምትጽፊው አንቺ፣ የማታውቂው ደግሞ አንቺ?»

ሌሎቹም ተቀላቀሉ። አንዷ ያኔ ቤት ለቤት እየሄደች የልጆቹን አፍ ስታስከፍት ምን እየፈለገች እንደነበር ጠየቀቻት። ሌላዋ ወረቀቱ የማን እንደሆነ፣ ማኅተሙ የት እንዳለ። ቦኖውን ሊያዘጉብን ነው የሚል ድምፅም ከኋላ መጣ። ሳሌሃ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። የሚሏት ሁሉ ልክ አልነበረም። ወርቅነሽ ጠጋ አለቻት።

«እሺ፣ አንቺ አታውቂም። ማን ነበር የሚያውቀው?»

ሳሌሃ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች። ሃሊማ ጄሪካኑን ተደግፈው ተነሱ። ፊታቸውን ወደ ሳሌሃ ሳይሆን ወደ ወርቅነሽ አዞሩ።

«ልጄ ነው የሚያውቀው» አሉ። «ሙስተፋ። ይሄንን ውሃ መጠጣት ከተወ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እኔ ቤቴን የተጸየፈ መስሎኝ ነበር። ድህነቴን። ሲመጣ ሲመጣ ቤቱን ደጋግሜ እለቀልቅ ነበር። ምንጣፍም ተበድሬ አነጥፍ ነበር። ተጸይፎኝ ቢሆን ይሻል ነበር።»

ወርቅነሽ ልጇን ስትወልድ እትብቱን የቆረጡላት ሃሊማ ናቸው፤ ከፊታቸው ዞር አለች። ሴቶቹ ፀሐይዋን አዩ። የሸለቆው መንገድ በዝናብ ከተበላሸ ወዲህ ማንም አልጠገነውም፤ አሁን ተነስቶ ወደ ተካ ጉድጓድ የሚሄድ በጨለማ ነው የሚመለሰው፤ ጉድጓዱም ቢሆን ዘንድሮ ለስንት ቤት እንደሚበቃ የሚያውቅ የለም። ቤት ውስጥ ልጆች እራት ይጠብቃሉ። አንዷ ጄሪካኗን አንስታ ወደ ሸለቆው ጥቂት ተራመደች፤ ብቻዋን መሆኗን ስታይ ተመለሰች። ወርቅነሽ ማንንም ሳታይ ጄሪካኗን ቧንቧው ሥር አስቀመጠች። ሲሞላላት አዝላው ሄደች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም ቀዳች። ከእሷም ቀጥሎ ያለችው።

ሰልፉ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ሳሌሃ ወረቀቱን እንደያዘች ቆማለች፤ ለማን እንደምትሰጠው፣ የት እንደምትለጥፈው አታውቅም። ሃሊማ ባዶውን ጄሪካን በእግራቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ቅጂ» አሏት። «ተራችን ነው።»

ሳሌሃ ቧንቧውን ከፈተች።